ሳይነገር የቀረው ነገርና የተክሊል ኪዳን

ስለ ምሥጢረ ተክሊል ስናስተምርም ስንጽፍም ሳንነካው የምናልፈው አንድ ጉዳይ አለ። በጉባኤ መካከል አይነሣም፤ የሚነሣው የቁምስናው ቢሮ በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ይኸውም ልቡ ወደ ሴት ሳይሆን ወደ ወንድ የሚያዘነብል መሆኑን እያወቀ ይህንኑ ሰውሮ ሚስት ያገባ ሰው፣ እርሱን አምናም የተዳረች ሴት የሚደርስባቸው ነገር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በተለምዶ «ግብረ ሰዶም» የምንለው፣ ስሙ ራሱ እንደሚነግረን፣ ግብርን ማለትም ድርጊትን ያመለክታል። ሰው ሳይመርጠው በውስጡ የሚያገኘው ዝንባሌ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቁጥር 2357 እስከ 2359 ይህን ልዩነት ይጠብቃል። ድርጊቱን አይፈቅድም፤ የዝንባሌው መነሻ በአብዛኛው ገና ያልተብራራ መሆኑን ይናገራል፤ ዝንባሌው ያላቸውን ሰዎች ግን በአክብሮትና በርኅራኄ እንድንቀበል፣ ያለ አግባብም እንዳናገልላቸው ያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1990 ዝንባሌውን ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ ዝንባሌው አመጣጥ ሳይሆን ዝንባሌው ተሰውሮ ስለሚፈጸም ጋብቻ ነው።

እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ክህነት በተቀበልሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ወጣት ለምክር ወደ እኔ መጣ። የመጣው ለኑዛዜ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ይህን መስመር ባልጻፍሁም ነበር። አሁንም የምጽፈው እርሱም ሚስቱም ስለፈቀዱልኝ ነው፤ የሚያስለያቸውንም ነገር ሁሉ ትቻለሁ። ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ወደ ሴት አዘንብሎ እንደማያውቅ፣ ወላጆቹ ግን ሽማግሌ ልከው እንዳጩለት ነገረኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «አግባ፤ ልጅ ስትወልድ ይተውሃል» አልሁት። ይህን ምክር በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም፤ ከአገር ሽማግሌ አፍ የሰማሁትን ነው የደገምሁለት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሚስቱ መጣች። ነገሩን ሁሉ ከባሏ አፍ ሰምታ ነበር። አላለቀሰችም። «አባ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በአደራ የተነገረኝን ለሌላ ማውጣት ስለማልችል ዝም አልሁ፤ እርሷም ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጥራ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያን የምክር ሰዓት መላልሼ አስቤዋለሁ። ስለ እርሱ ነፍስ፣ ስለ ወላጆቹ ክብር፣ ስለ ሠርጉ ቀን ተነጋግረን ነበር። ልጅቱ ማን እንደሆነች፣ ምን ተስፋ ይዛ እንደምትዳር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። መድኃኒት አድርጌ ነበር ያዘዝኋት። ሰው ደግሞ ለሌላ ሰው መድኃኒት ሊሆን አልተፈጠረም።

ይህ በሽታ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሰነድ የታወቀና ባለጉዳዮቹም ካለፉ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ ታሪክ ነገሩን በሚገባ ያሳየናል። የአየርላንዱ ደራሲ ኦስካር ዋይልድ ኮንስታንስ ሎይድን ያገባው እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1884 በለንደን ከተማ ነው። በ1885 ሲረል፣ በ1886 ደግሞ ቪቪያን የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ዋይልድ ልጆቹን የሚወድ፣ ተረት እየተረከ የሚያጫውት አባት እንደነበረ ልጁ ቪቪያን በኋላ ጽፏል። ነገር ግን ከሌሎች ወንዶች ጋር ሌላ ሕይወት ነበረው። በ1895 ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ቀረበና ሜይ 25 ቀን የሁለት ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት።

የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ላይ እርሱን ተከትለው ወደ ወኅኒ ይገባሉ። እኛ ግን ከሚስቱ ጋር እንቆይ። ቅጣቱ ሳይፈረድ፣ በኤፕሪል ወር፣ የቤታቸው ዕቃ ለባለ ዕዳዎች በሐራጅ ተሸጠ፤ የልጆቹ መጫወቻ እንኳ አልቀረም። ኮንስታንስ ልጆቿን ይዛ ከእንግሊዝ አገር ወጣች። «ዋይልድ» የሚለው ስም መጠቋቆሚያ ስለሆነ ከቤተሰቧ የነበረውን «ሆላንድ» የሚለውን ስም ወስዳ ለራሷም ለልጆቿም ሰጠች። ወንጀል ሳትሠራ ስሟን የለወጠች እርሷ ናት፤ ይህን ልብ በሉ። በፌብሩዋሪ 1896 የዋይልድ እናት ሲሞቱ፣ መርዶውን ከባዕድ አፍ እንዳይሰማ ብላ፣ ታምማ ሳለች ከኢጣሊያ ጄኖቫ ተነሥታ እስከ ሬዲንግ ወኅኒ ቤት ሄዳ ራሷ ነገረችው። ከተፈታም በኋላ በየጊዜው ገንዘብ ትልክለት ነበር፤ ወደ ቀድሞ ወዳጁ ወደ ሎርድ አልፍሬድ ዳግላስ ሲመለስ ግን አቋረጠች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኤፕሪል 7 ቀን 1898 በጄኖቫ ሞተች። ልጆቹም አባታቸውን ዳግመኛ አላዩትም። ዋይልድ በ1900 ዓመት በፓሪስ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ካትበርት ደን የተባሉ የፓሲዮኒስት ማኅበር ካህን ወደ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ተቀበሉት። ስለዚህ ምሕረት እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ሆኖም የእርሱን መጨረሻ በደስታ የሚተርኩ የእኛ ወገኖች የጄኖቫውን መቃብር ሲዘነጉ አያለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብ ነው። በአሜሪካ የኒው ጀርዚ አገረ ገዥ የነበረው ጂም ማክግሪቪ በካቶሊክ ቤት ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2004 ዝንባሌውን ለሕዝብ ገልጦ ሥልጣኑን እንደሚለቅ ሲናገር ሁለተኛ ሚስቱ ዲና ማቶስ ከአጠገቡ ቆማ ነበር። የዚያን ቀን ሥዕል ዓለም ሁሉ አይቶታል። እርሱ የራሱን ታሪክ በ2006 በመጽሐፍ አወጣ፤ እርሷም የራሷን በ2007። ሁለቱ መጻሕፍት ስለ አንድ ቤት የተጻፉ ቢሆኑም፣ በዚያ ቤት የኖሩት በእርግጥ ሁለት ልዩ ልዩ ኑሮ ነበር።

እንግዲህ በሚስቲቱ ላይ የሚደርሰው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ነገሩን ሳታውቅ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ጉድለቱን በራሷ ላይ ትፈልጋለች። «መልኬ ይሆን? ጠባዬ ይሆን? ከወለድሁ በኋላ ሰውነቴ ተበላሽቶ ይሆን?» ትላለች። ባሏ አይሰድባትም፣ አይመታትም፣ ጎረቤትም «የታደለች» ይላታል፤ ስለዚህ የምታማርርበት ነገር እንኳ የላትም። ካወቀች በኋላ ደግሞ ያለፈው ዘመን ይናወጥባታል። የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ የመጀመሪያው ልጅ ክርስትና፣ አብረው የጸለዩት ጸሎት፣ ሁሉም «እውነት ነበርን?» ተብሎ እንደገና ይመረመራል። አሜሪካዊቱ የትምህርት ባለሙያ አሚቲ ፒርስ ባክስተን ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ስለ እንደነዚህ ዓይነት ሚስቶችና ባሎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ቁስሉ በትዳር ብቻ ሳይወሰን ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት፣ በሌላ ሰው ላይ ያለውን እምነት፣ ሃይማኖቱንም ጭምር እንደሚነካ አሳይታለች። እኔም በቢሮዬ ያየሁት ይህንኑ ነው።

በአገራችን ሦስተኛ ሸክም ይጨመራል። ባል ምሥጢሩን ሲናገር ይቀለዋል፤ እርሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምሥጢሩ ጠባቂ ትሆናለች። ለእናቷ ብትናገር የልጆቿን አባት ታዋርዳለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ንግግሯ ወዴት እንደሚያደርስ አታውቅም። ዝም ብትል ብቻዋን ትቃጠላለች። ባሏ በሥውር ግንኙነት ኖሮ እንደሆነም ሁለቱም የደም ምርመራ ማድረግ ይገባቸዋል፤ ይህን በግልጽ ለመናገር ካህን ማፈር የለበትም።

ስለ ባልየውም በፍርድ ብቻ መናገር አይገባም። ብዙዎቹ ሚስታቸውን ከልብ ያከብራሉ፤ ለልጆቻቸውም መልካም አባቶች ናቸው። ተታልለው ያታለሉም ናቸው፤ «ይተውሃል» ያልናቸው እኛ ነንና። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ንግግሩን፣ ዓይኑን፣ ወዳጆቹን ሲጠብቅ የሚኖር ሰው ይደክማል። አንዱ በሥራ ያመካኛል፣ ሌላው በመጠጥ ይደበቃል፣ አንዳንዱም ምክንያቱን ሳይናገር ከቅዱስ ቁርባን ይርቃል። ሚስቱም ይህን ሁሉ ጥላቻ አድርጋ ትተረጉመዋለች።

አሁን ወደ ሕገ ቀኖና እንመለስ። በሀገራችን የግእዝ ሥርዓት ምእመናን የሚተዳደሩት እ.ኤ.አ. በ1990 በታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ የላቲን ሥርዓት ምእመናን ደግሞ በ1983ቱ ሕግ ነው። ሁለቱም ጋብቻን የሚያቆመው የሁለቱ ሰዎች ነጻ ፈቃድ ነው ይላሉ። ሽማግሌ፣ ድግስ፣ ካህንም ቢሆን ይህን ፈቃድ ሊተካ አይችልም። ስለ እኛ ጉዳይ በተለይ የሚነሡ ሦስት ቀኖናዎች አሉ። የመጀመሪያው በሥነ ልቡናዊ ምክንያት የጋብቻን ዋና ግዴታዎች ሊሸከም ስለማይችል ሰው ይናገራል (ምሥራቅ 818፣ ላቲን 1095)። ሁለተኛው የጋብቻን አብሮ መኖር ክፉኛ ሊያውክ የሚችልን ነገር፣ ፈቃድን ለማግኘት ሲባል፣ ሆን ብሎ በመሰወር ስለሚደረግ ማታለል ነው (821፤ 1098)። ሦስተኛው በአፍ «እሺ» እያለ በልቡ ጋብቻን ራሱን ወይም ታማኝነትን የማይቀበልን ይመለከታል (824፤ 1101)።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝንባሌው ስላለ ብቻ ጋብቻው ከመነሻው አልነበረም ማለት አይደለም። የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት የሚመረምረው በተክሊሉ ቀን የሁለቱ ፈቃድ ምን እንደነበረ ነው፤ መልሱም እንደ ሰዉ ይለያያል። እውነቱ ከወጣ በኋላ በታማኝነት አብረው ለመኖር የወሰኑ ባልና ሚስት አሉ፤ ይህን የመረጡትን ማንም ሊያፈርስባቸው አይገባም። አንዲት ሴት ግን ጉዳይዋን ለፍርድ ቤቱ ለማቅረብ ከፈለገች መብቷ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሥርዓት ቀድሞ ያስፈልግ የነበረው ሁለተኛ ተመሳሳይ ፍርድ ቀርቷል። «ልጆቼ ዲቃላ ይባላሉን?» ብለው የሚፈሩ እናቶች አጋጥመውኛል። አይባሉም፤ የጋብቻው ከመነሻው ያለመኖር ፍርድ የልጆችን ክብር አይነካም።

የመንግሥትም ሕግ ነገሩን ያውቀዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 13 መሠረታዊ ስሕተት ብሎ ከሚቆጥራቸው መካከል አንዱ፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ ያለውን ሰው ይህን ሳያውቁ ማግባት ነው። አቤቱታው የጊዜ ገደብ ስላለው የሕግ አዋቂን ቶሎ መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ለወንድሞቼ ካህናትና ለጋብቻ ሽማግሌዎች የምለው ይህ ነው። ከሠርግ በፊት እጮኛሞችን ለየብቻ የምናነጋግርበት ሰዓት ወረቀት የሚሞላበት ብቻ አይሁን። እኔ ዛሬ እያንዳንዱን «ለእጮኛህ ያልነገርኸው፣ ብታውቀው ግን ሐሳቧን ሊያስለውጥ የሚችል ነገር አለን?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሴቲቱንም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዕዳ፣ በሽታ ወይም ከሌላ የተወለደ ልጅ ነው። አልፎ አልፎ ይህ ጉዳይ ይወጣል። ያን ጊዜ ልጁን አልቆጣም፣ ለማንም አልናገርም፤ እጮኛውን እንዲያገባ ግን አልመክረውም። እርሷ ሳታውቅ ወደ ተክሊል መቅረብ እንደማይገባው፣ ሊነግራት ካልደፈረም ሠርጉን መተው እንደሚሻለው፣ ሳያገባ መኖርም በቤተክርስቲያን የተከበረ መሆኑን እነግረዋለሁ። ነውር ነው እያሉ ያላገባን ወንድ የሚያሳድዱ ቤተሰቦችም ከዚህ ኃላፊነት ድርሻቸውን ይውሰዱ።

አውቃ የመጣች ሚስትን በተመለከተ፣ አስቀድመን እናዳምጣት። «ታገሺ፣ ለልጆችሽ ስትይ» የሚለው ቃል ከአፋችን ቶሎ አይውጣ። ይቅርታ ማድረግና አብሮ መኖር አንድ እንዳልሆኑ፣ ጉድለቱም የእርሷ እንዳልነበረ ትስማ። ባልየውም ደጋግሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ብቻ ሳይሆን ጥያቄዎቿን በእውነት ሲመልስ ነው የሚረዳት።

ሠርግ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ድንኳኑ ተከራይቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ከሩቅ ተጠርቷል የሚል ጩኸት ይነሣል። ቤተሰብ ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋል፤ ማወቅ ግን አይገባውም። በእንደዚህ ያለ ጊዜ እኔ «የቁምስናው ወረቀት አላለቀም» እላለሁ፤ እውነትም አላለቀም። ወቀሳው በካህኑ ላይ ይሁን።