በተዘጋ ጥግ የእንጨት ምድጃ መትከል፦ የሰሜን ጎንደር ደጋ የጭቃ ቤት ግድግዳ በእሳት ደኅንነት ዓይን

መግቢያ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ባለው ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይዞ ሊያነጋ ስለሚችል፣ እሳት የሚነደው ለምግብ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም ጭምር ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ምድጃን ሦስት ጎኑ በግድግዳ በተከበበ ጥግ ማስቀመጥ ተስማሚ መስሎ ይታያል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ አተካከል በጭቃ ቤት ውስጥ በምን ሁኔታ ደኅንነቱ እንደሚጠበቅ መመርመር ነው። ዋና መከራከሪያው፣ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ድንጋይ መስሎ ቢታይም በእሳት ደኅንነት ሚዛን እንጨት ሆኖ መቆጠር አለበት የሚል ነው።

የግድግዳው ጠባይ

የጭቃ ቤት ግድግዳ በአብዛኛው ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ምርጊቱ ነበልባልን ይከላከላል፤ ሙቀትን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ምድጃው በየዕለቱ ሲነድ ከምርጊቱ ሥር ያለው ማገር እየደረቀ ቀስ በቀስ ይከስላል። በዚህ መልክ የከሰለ እንጨት ከወትሮው ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። እሳቱ ከውስጥ ስለሚጀምርም፣ ቤተሰቡ ከማየቱ በፊት ወደ ጣራው ሊወጣ ይችላል። በተዘጋ ጥግ ውስጥ ደግሞ የጋሉት ሦስት ግድግዳዎች ሙቀቱን እርስ በርስ ስለሚመላለሱ አደጋው ይብሳል።

ርቀትና ስፋት

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 211 መስፈርት፣ በቤተ ሙከራ ያልተረጋገጠ ምድጃ ከተቀጣጣይ ግድግዳ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ይጠይቃል። ርቀቱን መቀነስ የሚቻለው በመከላከያ ሲሆን፣ ከመከላከያዎቹ አንዱ ከግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነጥሎ የቆመ፣ ከታችና ከላይ አየር የሚያዘዋውር ቆርቆሮ ነው። የሚያቀዘቅዘው በመካከሉ የሚያልፈው አየር ነው። ስለዚህ ቆርቆሮን በቀጥታ በግድግዳው ላይ መምታት ወይም ምርጊቱን ማወፈር ርቀትን አይተካም።

ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከበርሜል የተሠራ ማሞቂያ ምድጃ እንውሰድ። በግራና በቀኝ ርቀቱ ከተጠበቀ ጥጉ 2.3 ሜትር ገደማ ስፋት፣ ከኋላው ርቀት ጋር ደግሞ 1.4 ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል። ከፍታው 2.5 ሜትር ቢሆን ይዘቱ 8 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ያው መስፈርት ግን ለተዘጋ ጥግ ተብሎ ያልተረጋገጠ ምድጃ ከ14.5 ሜትር ኩብ ባነሰ የተዘጋ ቦታ እንዳይተከል ይከለክላል። እንግዲህ በየጎኑ ርቀቱን ያሟላ ጥግ እንኳ በይዘቱ ይወድቃል።

በአገር ውስጥ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከዚህ ይለያል። ወፍራም የሲሚንቶ አካሉ ሙቀቱን ከብረት በተሻለ ይይዛል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸርም ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ የማገዶ ማስገቢያ አፉ፣ ከአፉ የሚወጣው ነበልባልና ጭሱ የሚወጣበት በኩል ከማገርና ከጣራ መራቃቸው የግድ ነው።

ጭስና አየር

አንድ ድርብ ብቻ ያለው የብረት ጭስ ማውጫ ከተቀጣጣይ ነገር 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ስለዚህ በሣር ክዳን መካከል እንዲህ ያለ ቧንቧ ማሳለፍ አይገባም፤ ከቤቱ ውጭ በተገነባ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ማስወጣት ይመረጣል። በቆርቆሮ ጣራም ቢሆን ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከወጋግራና ከማገር በዚያው መጠን መራቅ ይኖርበታል።

ከፍታውም የራሱ ተጽዕኖ አለው። የአየር ግፊቱ በጎንደር ከባሕር ወለሉ 77 በመቶ፣ በደባርቅ 70 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ስስ በሆነ መጠን የጭስ ማውጫው የመሳብ ኃይል ስለሚቀንስ፣ በቆላ የሚበቃ የቧንቧ ቁመት በደጋ ላይበቃ ይችላል። ጭስ ወደ ቤት ከተመለሰ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይከማቻል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ከፍታ ጉዳቱ የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካይ መጠኑ በሜትር ኩብ ከ4 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በውርጭ ሌሊት ቀዳዳዎችን ሁሉ መድፈን፣ ወይም ፍሙ ሳይጠፋ ጭስ ማውጫውን መዝጋት የሚያስከትለው ይህንኑ መርዝ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚከተለው ውሳኔ ግልጽ ነው። የብረት ምድጃ በጭቃ ቤት የተዘጋ ጥግ ውስጥ መተከል የለበትም፤ ሦስተኛው ግድግዳ ይነሣ፣ ወይም ምድጃው ወደ ሰፊው ክፍል ይውጣ። ግድግዳው በሙሉ ከድንጋይ ተገንብቶ ከጀርባው እንጨት ከሌለ የመቀጣጠል ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የይዘትና የአየር ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። በማናቸውም ሁኔታ ከታች አየር ማስገቢያ ይተው፣ ጥቀርሻው በየጊዜው ይጠረግ። ምድጃ የሚያስተዋውቁ ፕሮጀክቶችም ከማገዶ ቁጠባው ጋር የግድግዳውን አሠራር ቢመዘግቡ ይበጃል፤ ማገዶ የቆጠበ ምድጃ ቤቱንም ካላተረፈ ቁጠባው ከንቱ ነውና።