ማስክ አዘውትሮ ለሚጠቀም ሰው የፊት ቆዳ እንክብካቤ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ (ማስክ) ከቤት ሲወጣ የማይረሳ ዕቃ ሆኖ ነበር። በካዛንቺስ ታክሲ ተሳፍሮ ቢሮ የሚውል የቂርቆስ ነዋሪ ማስኩን ለብዙ ሰዓታት ያደርግ ነበር። የትንፋሽ እርጥበት፣ ላብና የጨርቁ መፈተግ ቆዳውን ያቀላሉ፤ ብጉርና ማሳከክም ያስከትላሉ። ችግሩ የመልክ ብቻ አይደለም። ፊቱን የሚያሳክከው ሰው ማስኩን ያወልቃል፤ ባልታጠበ እጁም ዓይኑን፣ አፍንጫውንና አፉን ይነካል፤ ለቫይረሱም መግቢያ ይከፍታል።

ጠዋት፦ በቅድሚያ እጅን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና መታጠብ፤ ቀጥሎ ፊትን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳይፈትጉ መታጠብ። ቧንቧ በማይመጣበት ዕለት ከጀሪካን የተቀዳ ንጹሕ ውኃ በቂ ነው። ፊትን በግል ፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ፤ ሽታ የሌለው የማለስለሻ ቅባት በስሱ መቀባት።

ማታ፦ ማስኩን በማሰሪያው ይዞ ማውለቅ፤ እጅን፣ ከዚያም ፊትን መታጠብ። የጨርቅ ማስክ በየቀኑ በሳሙና ይታጠባል፤ የሳሙና ቅሪት ቆዳን ስለሚቆጣ በደንብ ተለቅልቆ ይደርቃል።

ሊወገዱ የሚገባቸው፦ በረኪና፣ ሳኒታይዘርና ሎሚ ለፊት አይሆኑም። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ብጉርንም ያባብሳል።

ቆዳው ከቆሰለ፣ መግል ከያዘ ወይም መሻሻል ካላሳየ ማስክ መጠቀምን ከማቋረጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።