ልጄ የጥርስ ሐኪም ትሁን ካልን ከየት እንጀምር?

 

ባለፈው ጁምዓ ከጸሎት በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዲት እህታችን «ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፣ የጥርስ ዶክተር ካልሆንኩ ብላለች፤ ስንት ዓመት ልላክላት?» ብላ ጠየቀችን። አንዷ «መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ መያዝ አለባት» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ በሁለት ዓመት የሚያስጨርሱ ኮሌጆች ሞልተዋል» አለች። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሰሙት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

የአራት ዓመቱ ነገር የአሜሪካ መንገድ ነው። እዚያ ተማሪው መጀመሪያ ኮሌጅ ገብቶ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይወስዳል፤ ከዚያ «ዳት» የሚባለውን ፈተና ተፈትኖ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሌላ አራት ዓመት ይማራል። እኛ አገር እንደዚህ አይደለም። ከ12ኛ ክፍል ያለፈች ልጅ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከሌሎች ጋር የጋራ ትምህርት ትማራለች፣ ከዚያ የጥርስ ሕክምና ከደረሳት የሆስፒታል ልምምዱን ጨምሮ ጠቅላላው ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማና መቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ። ስለዚህ «መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ትያዝ» ብለን ልጅቷን ዓመት አናስበላት።

የሁለት ዓመቱ ደግሞ በደረጃ የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ነው፤ ሌቨል የምንለው። የተከበረ ሥራ ነው፣ እንጀራም ይሆናል። ግን ዶክተር አያሰኝም። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሪያል የፈሰሰው እዚህ ላይ ነውና። አንዲት የማውቃት እህት ለወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላከች። ማዳሟ ደመወዟን ስታዘገይባት እንኳ ተበድራ ልካለች። በኋላ ሲጣራ ኮሌጁ በሌላ ትምህርት እንጂ በጥርስ ሕክምና ፈቃድ አልነበረውም። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ለዚያ ትምህርት፣ በዚያ ካምፓስ ፈቃድ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ገንዘቡ ሐዋላ ከመግባቱ በፊት ቤተሰብ አንድ ሰው በአካል ይላክ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይታመንም።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ጊዜ አላት ማለት ነው። 11ኛ ክፍል ስትገባ የተፈጥሮ ሳይንስን መምረጥ አለባት፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ከገባች ይህ መንገድ ይዘጋባታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደ ድሮው አይደለም። ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የሚፈተኑት። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። «እንደ ምንም ታልፋለች» የሚለው ሐሳባችን እንዲቀር ነው። ማለፉም ብቻውን አያደርስም፤ ጤና ዘርፍ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ቦታው ጥቂት።

ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ኬሚስትሪ ከበዳት ስንል ብዙ ጊዜ የከበዳት እንግሊዝኛው ነው። እኔ ብሆን ለአዲስ ሞባይል የምልከውን ለማጠናከሪያ አስተማሪ አደርገው ነበር። ደግሞ አያቷን ለምኑልኝ፤ ልጅቷ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አጥባ ማታ በአራት ሰዓት ደብተር ብትከፍት ምን ይገባታል? እኛ በሰው ቤት ስንደክም እሷ ቤታችን ውስጥ እኛን ተክታ እየሠራች ከሆነ የምንልከው ምን ላይ ዋለ?

ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት የሚመስላቸው አሉ። የምደባው ውጤት የሚያያው ያ ዓመት ነው። ሳይኮሎጂውም ሎጂኩም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና ስላለው ለዚያም ትዘጋጅ። ስትጨርስም የመውጫ ፈተናና የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ፈተና ይጠብቃታል። ያለ ፈቃድ ጥርስ መንካት የለም።

«እዚሁ ሪያድ ብታስተምሪያትስ?» ያለችኝ አለች። የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በ1975 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፣ ስሙም ትልቅ ነው። ነገር ግን በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ልጅ አምጥቶ ማስተማር የሚታሰብ አይደለም፤ በደላላ ወሬ አትታለሉ።

ወደ ጥያቄው ስንመጣ፣ ስንት ዓመት? ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ አራት ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ስድስት። አሥር ዓመት። በእኛ ኮንትራት ስንቆጥረው አምስት ኮንትራት ነው። ስሰማው እኔም ደነገጥኩ። ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወጪ መጋራት ስላለ አብዛኛውን ሥራ ይዛ ከደመወዟ ትከፍላለች፤ የኛ ድርሻ ልብስ፣ መጽሐፍና የትራንስፖርት ይሆናል። ከባዱ የግል ኮሌጅ ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ መክፈል ነውና። ስለዚህ አሁን በእነዚህ አራት ዓመታት ለትምህርቷ የምናወጣው ኋላ የግል ኮሌጅ ክፍያ ያስቀርልናል።

እህታችን የልጅቷን የስምንተኛ ክፍል ውጤት ፎቶ አስልካ ለሚቀጥለው ጁምዓ ትያዝልን። የሳይንስ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ነጥቧን አብረን እናየዋለን።