ለፊልሙ ካርድ ከማውጣትሽ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ያንን የካርድ ማስታወቂያ በስልክሽ ስታሳዪኝ እንግዶች ገቡና ወሬያችን ተቋረጠ። «ጋሼ፣ ለኔትፍሊክስና ለስፖቲፋይ ከምከፍለው 6 ከመቶ ይመልስልኛል» ነበር ያልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ እንዲህ ያለ ካርድ አለ። እኔ ግን እዚህ አሜሪካ 27 ዓመት ስኖር በካርድ ተጠቅሜም ተጎድቼም ስለማውቅ፣ የቀረውን ቁጭ ብዬ በቁጥር ጻፍኩልሽ።

1. ካርድ ከመምረጥሽ በፊት ወጪሽን እወቂ። ያለፉትን ሦስት ወራት የባንክ ስቴትመንት አትሚና በየወሩ የሚቆረጠውን እያንዳንዱን ክፍያ በእስክሪብቶ አክብቢው። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ሳደርግ፣ በየወሩ 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚቆረጥ አንድ የሙዚቃ ክፍያ አገኘሁ። ታናሹ ልጄ ነጻ ሙከራ ነው ብሎ በእኔ ካርድ ከፍቶት፣ እሱም ረስቶት እኔም ሳላየው 14 ወር ሄዷል። ወደ 140 ዶላር ነው። 6 ከመቶ የሚመልስ ካርድ ቢኖረኝ ኖሮ ከዚያ ውስጥ 8 ዶላር ከምናምን ይመልስልኝ ነበር፤ ቀሪው ማንም ላልሰማው ዘፈን ሄዷል። ስለዚህ የማታዪውን መጀመሪያ ዝጊ።

2. ከዚያ ሒሳቡን በወረቀት ሥሪ። ማስታወቂያ የሌለው መደበኛው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ወደ 17 ዶላር ከ99 ከፍ ብሏል። ሙዚቃውንና የቀሩትን ጨምረሽ በወር 60 ዶላር ትከፍያለሽ እንበል። በዓመት 720 ይሆናል። 6 ከመቶ የሚመልሰው ካርድ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ነው፤ ከ720ው 43 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይመልስልሻል። ዓመታዊ ክፍያው ግን 95 ዶላር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በነጻ ይሰጡሻል፣ እኔ የምልሽ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ያለውን ነው። በፊልምና በሙዚቃ ብቻ 95 ዶላሩን ለመሸፈን በወር 132 ዶላር ያህል መክፈል ይኖርብሻል። ያን ያህል ከከፈልሽ ደግሞ ወደ አንደኛው ቁጥር ተመለሽ።

ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸውም አሉ። የካፒታል ዋን ሴቨር ለስትሪሚንግ፣ ለምግብ ቤትና ለግሮሰሪ 3 ከመቶ ይመልሳል። የዌልስ ፋርጎ ኦቶግራፍ ለስትሪሚንግ በዶላር 3 ነጥብ ይሰጣል። የዩ.ኤስ. ባንክ ካሽ ፕላስ ደግሞ ከመረጥሻቸው ሁለት ዘርፎች 5 ከመቶ ይከፍላል፤ ግን በየሦስት ወሩ ገብተሽ ራስሽ መምረጥ አለብሽ፣ ከረሳሽ 5ቱ ይቀርብሻል። ሁለት ሥራ እየሠራሽ ማታ ትምህርት የምትሄጂ ልጅ ነሽ፤ ቀን እየቆጠርሽ የምትጠብቂው ካርድ አልመርጥልሽም።

3. ትልቁ ገንዘብ ያለው ወጥ ቤትሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ የፊልም ካርድ ስትመርጪ የምትገበዪበትን ሱቅ አብረሽ አስቢ። ያ 6 ከመቶ የሚከፍለው ካርድ በሱፐርማርኬትም 6 ከመቶ ይመልሳል፣ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር። ጃያንትና ሴፍዌይ ይቆጠራሉ። ዎልማርት፣ ታርጌትና ኮስትኮ ግን አይቆጠሩም። እንዲያውም ኮስትኮ መደብር ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ከክሬዲት ካርዶች የሚቀበለው ቪዛን ብቻ ነው።

እስቲ አሁን የእናንተን ቤት ተመልከቺ። ሽንኩርቱን በጆንያ፣ ዘይቱን በትልቁ ዕቃ ከኮስትኮ ታመጣላችሁ። እንጀራውንና በርበሬውን ከሀበሻ ሱቅ ትገዛላችሁ፣ እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በካሽ ነው። ጃያንት የምትገቡት ለወተት፣ ለእንቁላልና ለአትክልት ነው። ይህ በወር 200 ዶላር ቢሆን፣ ከ60 ዶላሩ ስትሪሚንግ ጋር የ6 ከመቶው ካርድ በዓመት 187 ዶላር ይመልሳል፤ 95ቱ ሲነሳ 92 ይቀርሻል። 3 ከመቶ የሚመልሰው ክፍያ አልባ ካርድ 93 ዶላር ከ60 ይሰጥሻል። አየሽ፣ እኩል ናቸው! ጃያንት የምታወጪው ከ200 ከበለጠ ባለ ክፍያው ያዋጣሻል፣ ካነሰ ነጻው ይሻልሻል። እኔ እንደማውቃችሁ አያልፍም።

4. «ስትሪሚንግ» ማለት እነሱ የጻፉት ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ባንክ የሚቀበላቸውን ድርጅቶች በስም ይዘረዝራል፣ ከማመልከትሽ በፊት የአንቺዎቹ መኖራቸውን አንድ በአንድ አረጋግጪ። ሌላው፣ ሒሳቡን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ እዪ። ኔትፍሊክስ ከስልክ ሒሳብሽ ጋር ተጠቃሎ የሚመጣ ከሆነ፣ ካርዱ የሚያየው የስልክ ድርጅቱን ስም ነውና ተመላሹ ሊቀርብሽ ይችላል። በአፕል በኩል የተከፈተም እንደዚያው። በቀጥታ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ገብተሽ ካርድሽን አስገቢ።

5. አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ከመጣሽ ዓመት ከመንፈቅ ነው፣ የክሬዲት ታሪክሽ ገና ቀጭን ነው። እነዚህን ካርዶች ዛሬ ብትጠይቂ ሊከለክሉሽ ይችላሉ፣ ጥያቄሽም ሪፖርትሽ ላይ ለ2 ዓመት ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ በየባንኩ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ፕሪአፕሩቫል ሞክሪ፤ እሱ ስኮርሽን አይነካም። ካልሆነ 200 ወይም 300 ዶላር ዲፖዚት አስይዘሽ ሴኪዩርድ ካርድ አውጪ። ተመላሽ ባይኖረውም አይቆጭሽ።

በዚያ ካርድ ላይ ሙዚቃሽንና አንድ የፊልም ክፍያ ብቻ ጫኚበት፣ 30 ዶላር ያህል። ኦቶፔይ ላይ ደግሞ «ሙሉውን ሒሳብ» የሚለውን ምረጪ፣ «ሚኒመም» የሚለውን አትንኪ። ከዚያ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ፋይኮ የሚባለው ስኮር 35 ከመቶ የሚሠራው ክፍያን በወቅቱ ከመክፈል ነው፤ 30 ከመቶው ደግሞ በዋናነት ከተፈቀደልሽ ገንዘብ ምን ያህሉን እንደተጠቀምሽ ያያል። ከ300 ላይ 30 ዶላር ጥሩ ነው። እቁብ ላይ ቀኗን የማታዛንፍ ሰው ዳኛው እንዴት እንደሚያምናት ታውቂያለሽ፤ እዚህም የሚፈልጉት ያንኑ ነው። ለእኔ ከ43 ዶላሩ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ነው፤ ነገ መኪና ስትገዢ ወለድሽን የሚያወርደው እሱ ነውና።

6. ይህን አስምሪበት። ካርዱን ሙሉ በሙሉ መክፈል የማትችዪበት ወር ከመጣ፣ የተመላሹ ነገር እዚያው ያበቃል። ወለዱ 21 ከመቶ ገደማ የሆነ ካርድ ላይ 2,000 ዶላር ዕዳ ቢያድርብሽ፣ የወር ወለዱ 35 ዶላር ነው። የዓመቱን የፊልም ተመላሽ በአንድ ወር ከጥቂት ቀን በላው ማለት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል የገባች ጊዜ፣ ከካርዴ 2,000 ዶላር ካሽ አውጥቼ ላክሁ። ላክሁ ብዬ አልጸጸትም። ግን ካሽ ሲወጣ ወለዱ ከዚያኑ ቀን እንደሚጀምር፣ ማውጫ ክፍያም እንዳለው ማንም አልነገረኝም። ሚኒመሙን ብቻ እየከፈልኩ ሦስት ዓመት ተጎተትኩ። ስለዚህ ለቤተሰብ የምትልኪውን ገንዘብ በዴቢት ወይም ከባንክ ሒሳብሽ ላኪ። በክሬዲት ካርድ ከላክሽ ብዙ ባንኮች እንደ ካሽ ይቆጥሩታል። ከባድ ነገር ከመጣ ደግሞ ካርዱን ሳይሆን እኔን ጥሪ።

7. የማታውቂውን ክፍያ ስቴትመንትሽ ላይ ካየሽ ዝም አትበይ። ሕጉ ስቴትመንቱ ከተላከልሽ በኋላ 60 ቀን ይሰጥሻል፤ በጽሑፍ ተከራከሪ፣ ቅጂውንም አስቀሪ።

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ወደ እኛ ነይ፣ ሦስቱን ስቴትመንት ይዘሽ። እስክሪብቶውን እኔ አዘጋጃለሁ። ያቺ በየወሩ 7 ዶላር ከ99 የምትቆርጥብሽን፣ ምን እንደሆነች አላውቅም ያልሽኝን፣ መጀመሪያ እሷን እንፈልጋለን።