ስለ ሙዚቃ አልበምና ስለ ዘፈን ስብስብ ሂስ አጻጻፍ

ሂስ ማለት ማወደስ ወይም መንቀፍ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የተማሪዎችም ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ «ግሩም ነው» ብሎ ይጀምርና በዚያው ያበቃል። ይህ ስሜትን መግለጽ እንጂ ሂስ አይደለም። ሐያሲ የፍርዱን ምክንያት ከሥራው ውስጥ አውጥቶ ማሳየት አለበት። አንባቢው ባይስማማ እንኳ የማይስማማበትን ነጥብ ለይቶ ለማወቅ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በ1967 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) «ሳርጀንት ፔፐር» በመባል የሚታወቀውን አልበም አወጣ። 13ቱ ዘፈኖች ያለ ረጅም ዕረፍት ይከታተላሉ፤ የመክፈቻውም ዘፈን ወደ ማብቂያው ገደማ ተመልሶ ይሰማል። ስለዚህ እንደ አንድ ወጥ ሥራ መመዘን የሚገባው አልበም ነበር። ብዙዎች ሲያደንቁት፣ ሪቻርድ ጎልድስታይን የተባለ ወጣት ሐያሲ ግን በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ ላይ ነቀፈው። የድምፁ ጌጥ በዝቶ ዘፈኖቹን ሸፈናቸው ባይ ነበር፤ ይሁንና የመጨረሻውን ዘፈን ከነቀፌታው ለይቶ አመስግኖታል። አንባቢዎች ተቆጥተው ጻፉበት። ፍርዱ ትክክል ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ስላስቀመጠ እስከ ዛሬ ድረስ ሊሞግቱት ይቻላል።

የስብስብ ሂስ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። በስብስብ ውስጥ ዘፋኙና አቀናባሪው ብቻ ሳይሆኑ መራጩም ይመዘናል። ምን መረጠ? ምንስ ተወ? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1998 የወጣው 4ኛው ቁጥር ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጸውን የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ የያዘ ነው። በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ሥራዎች ስለ ተጠቀመ፣ ዝናው ይበልጥ ሰፋ። ከዚህም የተነሣ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲባል የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ሳክስፎንና ትራምፔት ብቻ የሚታወሳቸው የውጭ አገር አድማጮች አሉ።

ታዲያ ጥፋቱ የመራጩ ነውን? ሐያሲው ከመፍረዱ በፊት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባዋል። 5ኛው የትግርኛ ዘፈኖች፣ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና፣ 21ኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ስለዚህ «ስብስቡ የምሽት ክበብ ሙዚቃ ብቻ ነው» ብሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል። «የአንዱ ቁጥር ዝና ሌሎቹን ጋረዳቸው» የሚለው ግን ሊያከራክር የሚችል ሐሳብ ነው። ደግሞም ከአሮጌ ሸክላ የሚመርጥ ሰው በዘመኑ በሸክላ ያልታተመውን ሊመርጥ አይችልም፤ ይህን ሳያስቡ መራጩን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ ከሚገኙ የሠርግ ወይም የዐውደ ዓመት ዘፈኖች ስብስቦች አንዱን ሁለት ጊዜ አዳምጡ። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ከመዘገባችሁ በኋላ፣ መኖር ሲገባው የቀረ የምትሉትን አንድ ዘፈን ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ጽሑፋችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ፣ ምክንያት የሌለውን ፍርድ ሁሉ ከሥሩ አስምሩበት።