በደብዳቤ ጽሕፈት እንግሊዝኛን ስለ መማር፤ የጃፓናውያን ነጋዴዎች ልምድ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የተናገሩት ለነጋዴ እጅግ የሚስማማ ቃል ነው። ከባሕር ማዶ ጋራ የሚነግድ ሰው ደንበኛውን በዐይኑ ሳያይ ዕቃውን ይልካል፤ ገንዘቡንም ይቀበላል። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። እንግሊዝኛ የእናቱ ቋንቋ ያልሆነ ነጋዴ ይህን ቋንቋ በምን መንገድ ቢማር ይሻለዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ የደከሙበትን የጃፓናውያንን ልምድ መመርመር ይጠቅማል።

የዮኮሃማ ወደብ ለውጭ ንግድ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ፉኩዛዋ ዩኪቺ የተባሉ ወጣት ሊቅ ወደቡን ለማየት ሄዱ። የሆላንድን ቋንቋ ለዓመታት ተምረው ስለ ነበር ከውጭ አገር ነጋዴዎች ጋራ ለመነጋገር ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን በሱቆቹ ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ እንኳ ለማንበብ ተሳናቸው፤ የወደቡ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበርና። ሳይውሉ ሳያድሩ መዝገበ ቃላት ፈልገው ትምህርቱን እንደ ገና ከመጀመሪያው ያዙ። ኬዮ የተባለውን ታላቅ ትምህርት ቤት ያቋቋሙትም እኒህ ሰው ናቸው።

እንግሊዝኛ ለጃፓናዊ የሚከብድበት ምክንያት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሱን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ያመጣዋል። «ትናንት የተጫነው ቡና» ስንል ገላጩ ይቀድማል፤ በጃፓንኛም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቡናው ቀድሞ፣ ትናንት መጫኑ በኋላ ይነገራል። ስለዚህ ተማሪው ሐሳቡን ገልብጦ መጻፍ አለበት።

ሆኖም ከቃላት ቅደም ተከተል የበለጠ የሚያስቸግር ሌላ ነገር አለ። ጃፓናዊው ጸሓፊ «ሚትሱሞሪሾ ኦ ኦኩሪማሱ» ብሎ ቢጽፍ በቋንቋው ምንም አልጐደለም፤ ትርጒሙ «ፕሮፎርማ መላክ» የሚል ያህል ነው። እንግሊዝኛ ግን አራት ጥያቄ ያቀርብለታል። የሚልከው ማን ነው? ፕሮፎርማው አንድ ነው ወይስ ብዙ? የምናውቀው ነው ወይስ አዲስ? የሚላከውስ ዘወትር ነው ወይስ ወደ ፊት? «ኦኩሪማሱ» የሚለው ግስ ለዘወትሩም ለሚመጣውም ጊዜ ያገለግላል፤ ላኪውንም አይናገርም።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች የሰዋስው ብቻ ሳይሆኑ የገንዘብ ጥያቄዎች ናቸው። «ማን» የሚለው ካልታወቀ የመርከብ ኪራዩን ሻጩ ይክፈል ወይስ ገዢው አይለይም። «ስንት» ካልተባለ አንድ ናሙና የጠበቀ ሰው አሥር ናሙና ይደርሰዋል። በእንግሊዝኛ «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ታናናሽ ቃላት ካልተለዩ፣ ስለ ቀድሞው ጭነት የተጻፈው ለአዲስ ጭነት እንደ ታዘዘ ይቈጠራል። ጊዜው ካልተገለጸም ገዢው ዕቃው ተጭኗል ብሎ ለባንክ ያስታውቃል፤ ዕቃው ግን ገና በመጋዘን ይገኛል።

የአማርኛ ተናጋሪ ከእነዚህ በሁለቱ ይቀለዋል። «ላክሁ፤ ላክን፤ ላኩ» ስንል ላኪው በግሱ ውስጥ ይታወቃል፤ «ጆንያው» ስንልም የትኛው ጆንያ እንደ ሆነ ይለያል። በሌሎቹ ሁለቱ ግን ከጃፓናዊው አንሻልም። «መቶ ጆንያ» እንላለን እንጂ «መቶ ጆንያዎች» ማለት ግድ አይሆንብንም፤ «እንልካለን» የሚለው ቃልም እንደ «ኦኩሪማሱ» ዘወትር የምናደርገውንም ወደ ፊት የምናደርገውንም ይገልጻል።

የጽሕፈት ልምምድ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። በንግግር ጊዜ ያልተባለውን ሰሚው ጠይቆ ይረዳዋል፤ ወይም ከፊታችን ያነበዋል። ወረቀት ግን አይጠይቅም። የሚጽፈው ሰው አራቱን ጥያቄዎች ራሱ ጠይቆ ራሱ መመለስ አለበት፤ በዚህም ምክንያት ቋንቋው ወደ ልቡ ይገባል። በ1979 በጃፓን የተጀመረው ቶኢክ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በመጀመሪያ ማዳመጥንና ማንበብን ብቻ ይመዝን ነበር፤ የመናገርና የመጻፍ ፈተና የተጨመረው ከ25 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ነገር ግን ማንበብ የሚችል ሁሉ መጻፍ እንደማይችል ከነጋዴ ጽሕፈት ቤት ይልቅ የሚያውቅ የለም።

የሚከተለው ልምምድ በቀን ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይጠይቅም።

አንደኛ፤ በደኅና እንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር የንግድ ደብዳቤ መርጦ በእጅ መገልበጥ።

ሁለተኛ፤ ያንኑ ደብዳቤ ወደ ራስ ቋንቋ መተርጐም። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ሳያዩ ከትርጒሙ ወደ እንግሊዝኛ መመለስና ከዋናው ጋራ ማስተያየት። የጐደለው ሁሉ በዚህ ጊዜ ይገለጣል።

ሦስተኛ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ጒዳይ ብቻ መጻፍ፤ በእያንዳንዱም ግስ ሥር አስምሮ «ማን? ስንት? የትኛው? መቼ?» ብሎ መጠየቅ።

አራተኛ፤ ዋናውን ጒዳይ በመጀመሪያው መስመር ማስቀመጥ። የጃፓን ደብዳቤ እንደ ልማዱ ስለ ወቅቱ አየር ሰላምታ ሰጥቶ፣ ስለ ቀድሞው ውለታ አመስግኖ ነው ወደ ጒዳዩ የሚገባው። ይህ በአገሩ ጨዋነት ነው፤ የእኛም «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል» ከዚህ የራቀ አይደለም። የእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ አንባቢ ግን አስቀድሞ የሚፈልገው የተፈለገበትን ምክንያት ነው።

አምስተኛ፤ ቍጥርን በአኃዝም በቃልም መጻፍ። በጃፓንኛ ትልቅ ቍጥር የሚከፈለው በ10,000 ነው፤ እርሱም «ማን» ይባላል። የእኛ ሊቃውንት «እልፍ» የሚሉት፣ በግእዝ አኃዝ ፼ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ጃፓናዊው 300,000 የን ለማለት «ሠላሳ ማን» ይላል። ጸሓፊው ቸኵሎ «ሠላሳ ሺህ» ብሎ ቢተረጕመው 270,000 የን በአንዲት ቃል ጠፋ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋራ የጨዋነት ቃል በትርጒም እንደሚለወጥ ማወቅ ይገባል። ጃፓናዊ ነጋዴ «ኬንቶ ሺማሱ» ሲል ቃሉ «እንመረምረዋለን» ማለት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በትሕትና እንቢ ማለት ይሆናል። ወደ እንግሊዝኛ በቀጥታ ሲተረጐም ተቀባዩ በተስፋ ይጠብቃል። ኬንቶ ለአማርኛ ጆሮ «ከንቱ» የሚለውን ቃል መምሰሉ አጋጣሚ ነው፤ የተስፋው መጨረሻ ግን አንዳንድ ጊዜ ያው ነው። እንዲህ ያለ መልስ የደረሰው ላኪ ዝም ብሎ ከመጠበቅ «እስከ ዚህ ቀን ድረስ ቍርጥ መልስ ካልደረሰን ዕቃውን ለሌላ እንሰጣለን» ብሎ በትሕትና ይጻፍ።

በዛሬው ጊዜ የትርጒም ሥራ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ታዲያ ልምምዱ ምን ይረባል? የሚል ይኖራል። መሣሪያው ያልተጻፈውን ባለቤት ገምቶ ይሞላል፤ «እኛ» መባል ሲገባው «እናንተ» ይል ይሆናል። ግምቱ ስሕተት መሆኑን የሚያውቀው አራቱን ጥያቄዎች መጠየቅ የለመደ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ጒዳይ እኛን የሚነካው የጃፓን ገበያ ለቡናችን ታላቅ ገበያ ስለ ሆነ ነው። በ2008 በአንዳንድ የቡና ጭነት ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ተገኝቶ ጃፓን ምርመራዋን ባጠበቀች ጊዜ ግዢው እጅግ ቀንሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ «የትኛው ጭነት? ስንት ጆንያ? መቼ የተጫነ?» ለሚሉት ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ የሚጽፍ ላኪ የገዢውን እምነት ይጠብቃል። በቶክዮና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለሰው ደብዳቤ ለላኪውም ለተቀባዩም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ያማረ እንግሊዝኛ ሳይሆን የማያሻማ እንግሊዝኛ ይበቃናል፤ እርሱም በየቀኑ በሚጻፍ አንድ አጭር ደብዳቤ ይገኛል።