ዐሥረኛው የአብርሃም ፈተና

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ልጅዋን ቀብራ የተመለሰችን አንዲት እናት ለማጽናናት በቤትዋ ተቀምጠን ሳለ፣ ድንገት ቀና ብላ፣ «አባቶቼ፣ እግዚአብሔር ፈተነኝ፤ እኔ ግን በመቃብሩ አፋፍ ቆሜ ብዙ ተናገርሁ። እንግዲህ ወደቅሁ ማለት ነውን?» አለችን። የይስሐቅን መሥዋዕትነት ጠቅሰን ልንመልስላት አሰብን፤ ነገር ግን ልጅዋን ለቀበረች እናት፣ ልጁን በሕይወት ይዞ ከተራራ የወረደውን አባት ምሳሌ ማድረግ ከበደን። ስለዚህም ወደ መጽሐፈ ኩፋሌ ተመለስን።

ይህን መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቈጥረዋለች፤ ቤተ እስራኤልም በግእዝ ጠብቀውታል። በሌላው ዓለም ያሉት አይሁድ ግን የዕብራይስጡን ቅጂ አጥተውት ኖሩ፤ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ቍርጥራጩ እስኪገኝ ድረስ። ሙሉው ያለው በግእዝ ነው።

ኩፋሌ እንደሚለው፣ አብርሃም ይፈተን ዘንድ ነገር ያነሣ መስቴማ ነው። እግዚአብሔር ግን ታማኝነቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ በራብ፣ በነገሥታት ሀብት፣ በሚስቱ መወሰድ፣ በግዝረት፣ በአጋርና በእስማኤል መሰናበት ፈትኖታልና። በተራራውም ታማኝነቱን ለሁሉ ገለጠ። እንግዲህ ፈተና ለፈታኙ እውቀት አይጨምርም። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስም ወደዚሁ አሳብ ያዘነብላል፤ ሰዎች የእምነትን መጠን ይማሩበት ዘንድ ነው ይላል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሙሴ ወልደ ናሕማን ደግሞ ለተፈታኙ ያደላል፤ በልብ ያለው በጎነት ወደ ሥራ ወጥቶ የሥራ ዋጋ እንዲያገኝ ነው ሲል።

ኩፋሌ ግን በተራራው አያበቃም። ዐሥረኛው ፈተና የሣራ ቀብር ነው። ምድሪቱ በሙሉ በተስፋ የተሰጠችው ሰው ለሚስቱ መቃብር የሚሆን ስንዝር መሬት አልነበረውም፤ የኬጢን ልጆች በትሕትና ለመነ፤ ዋሻውንም፣ ኦሪት እንደሚለው፣ በ400 ሰቅል ብር ገዛ። «ተስፋህ ወዴት አለ?» ብሎ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለዚህም የእግዚአብሔር ወዳጅ ተብሎ በሰማይ ጽላት ተጻፈ። የአይሁድ መምህራን አብርሃም በዐሥር ፈተና ጸና በማለት ይስማማሉ፤ በቍጥሩ ግን ይለያያሉ። ማይሞኒደስ በይስሐቅ ሲጨርስ፣ ረቢ ዮና ዘጌሮና እንደ ኩፋሌ በሣራ ቀብር ይጨርሳል። ለእኛ ይህ ይበልጥ እውነት ይመስለናል፤ ተራራውን የወጣ ሰው በገበያ ክርክር ሊሰናከል ይችላልና።

ይህ ፈተና በእኛ ዘመንም ተደግሞአል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን የወረዱት ቤተ እስራኤል፣ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንሄዳለን ሲሉ በሺህ የሚቈጠሩ ሙታኖቻቸውን በመንገድና በስደተኞች መጠለያ፣ በሰው አገር አፈር ቀበሩ። ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከቀባሪዎቹ መካከል ዝም ያለም ነበረ፤ የጮኸም ነበረ። ማን ነው የጮኸውን ወደቀ የሚለው? በታልሙድ ራባ የተባለው መምህር ስለ ኢዮብ ሲናገር፣ ሰው በመከራው ሰዓት በተናገረው አይያዝም ብሎ ፈረደ። ይህ ከእኛ ወገን ያልሆነ መምህር ቃል ነው፤ ሆኖም ኢዮብን ያን ያህል ከተናገረ በኋላ እግዚአብሔር ራሱ ባሪያዬ ብሎታል።

ይህን ለእናቲቱ በአጭሩ ነገርናት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አብርሃምስ ለሣራ አልቅሶላታልን?» አለችን። አልቅሶላታል፤ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 23 ተጽፎአል አልናት።